የሰይድ በግና የማይጮኸው ውሻ

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት... የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ሰይድ ባዶ ገመድ ይዞ ቆሟል።

«በጉ የለም» አለኝ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ሰይድና እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ ትንሽ አፓርትመንት ጎን ለጎን እንኖር ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። አሜሪካ ከገባ የመጀመሪያው አረፋ ስለነበር ካላረድኩ ብሎ፣ ከከተማ ውጪ ካለ እርባታ በግ ገዝቶ በታክሲው የኋላ ወንበር ጭኖ መጣ። ጋርዴና የሚባል ሰፈር፣ ሰፊ ጓሮ ያለው ዘመዱ ቤት ነበር የሚታረደው። እስከዚያ ጋራዥ ውስጥ ደበቅነው።

የደበቅነው ከአከራያችን ነው። ውሉ ላይ እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው ይላል... ከታወቀብን ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን።

«ማን ወሰደው ትላለህ?» አለኝ ሰይድ።

«ማን ይሆናል... ውሻው ነዋ።»

የአከራያችን የሚስተር ሃሪ ውሻ ከመጀመሪያው አላማረኝም። ረጅም ነው፣ ጎኑ ገብቶ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ጸጉሩ ተንጨባሯል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ግቢ በሃሪ በረንዳ፣ አሮጌ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ደግሞ አይጮህም። ፖስተኛ ሲመጣ አይጮህ፣ ሌላ ውሻ ሲያልፍ አይጮህ... ካልጮኸ ምኑን ውሻ ሆነ?

እኔን ሲያይ ግን ይነሳል። ወደ ሥራ ስወጣ ፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ከኋላዬ ይመጣል። አውቶቡስ ውስጥ መግባቴን አይቶ ይመለሳል። ከሥራ ስመጣ በር ላይ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ ያየኝና ወደ ሰይድ በር ይዞራል። እኔ ከቀበሌ ዓይን አምልጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዝም ብሎ የሚከተለኝ ነገር እረፍት ይነሳኛል።

ሃሪ እንግሊዝ ገጠር ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ነው። አንዴ ስለ ውሻው ብጠይቀው «ለርቸር ነው» አለኝ። አባቱ ግሬይሃውንድ የሚባለው የሩጫ ውሻ፣ እናቱ ኮሊ የምትባለው የበግ ጠባቂ። በሃሪ ሀገር በሰው መሬት ተደብቀው ጥንቸል የሚያድኑ ሰዎች ይወዱታል አሉ። ባለመሬቱ እንዳይሰማ ሳይጮህ ይሮጣል፣ ይይዛል፣ ለጌታው ያመጣል።

ይህን ለሰይድ ስነግረው «ሶ... የሌባ ውሻ ነው በለኛ» አለ።

በጉ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ውሻው ሶፋውን ትቶ ጋራዡ በር ላይ መተኛት ጀምሮ ነበር። ሰይድ ለሀጩ እንዳይነካው በሩቁ እየዞረ ነበር የሚያልፈው። ታዲያ ሌላ ማንን ልጠርጥር?

በጓሮው መንገድ ፍለጋ ወጣን። በጉን አገኘነው... የሰው ጽጌረዳ ይበላል። ሰይድ ገመዱን ይዞ ጠጋ ሲል በጉ በርግጎ ወደ ፒኮ ፈረጠጠ። መኪናው እዚያ አያቋርጥም። ያኔ አንድ ግራጫ ነገር አጠገቤን ታክኮ አለፈ። እንደዚያ የሚሮጥ ውሻ አይቼ አላውቅም።

ሰይድ ራሱን ያዘ። «አለቀልኝ። ውሻ የነከሰውን ለአረፋ አላርድም... ሩቅ ካለው ከሃውቶርን ሰፈር ሳይቀር ሰው ኢንቫይት አድርጌያለሁ።»

ውሻው ግን በጉን አልነካውም። አልፎት ሄደና መንገዱ አፍ ላይ ዞሮ በሆዱ ተኛ። ዝም ብሎ ያየዋል። በጉ ወደ ግራ ሲል እሱም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ... ድምፅ የለም። በመጨረሻ በጉ ተስፋ ቆርጦ ዞረና በመጣበት ተመለሰ። እኛም ከኋላ ተከተልን።

ጋራዡ ጋ ስንደርስ፣ ማታ በደንብ ሳንዘጋው በቀረው በር በጉን ልናስገባ ሞከርን። ውሻው እምቢ አለ። እየነዳ በቀጥታ ሃሪ በረንዳ ፊት ወስዶ አቆመው። ሽማግሌው ሻዩን ይዞ ተቀምጧል።

«ና እንጥፋ፣ አናውቀውም እንላለን» አልኩና የሰይድን እጅጌ ጎተትኩ። ወደ ኋላ ስንል ውሻው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በጀርባችን ዞረ። በየት በኩል ብንል እሱ አለ። ሳናስበው ከበጉ ጎን ተሰልፈን ቆምን።

ሃሪ ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ ወረደና ልክ እንደኛ ሀገር በግ ገዢ የበጉን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፣ ጥርሱን አየ፣ እግሩን ዳበሰ።

«አልተነከሰም» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይድ፣ አምልጦት።

«ግን ቀጭን ነው። የሸጠልህ ሰው ተጫውቶብሃል። መቼ ነው የሚሄደው?»

«ነገ ጠዋት» አልኩ እኔ።

«እንግዲያው እንግዳ ነው። ውሉ እንግዳ አይከለክልም።»

ሰይድ በአማርኛ ሹክ አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ሃሪ በላቸው።»

እኔ ግን ሃሪን አንድ የቆየ ነገር ጠየቅኩት። «ይሄ ውሻ ለምንድነው የሚከተለኝ?»

«የእናቱን ሥራ እየሠራ ነው» አለ ሃሪ። «በግ ስለሌለኝ ተከራዮቼን ይቆጥራል። አንድ ሰው ከጎደለ አይተኛም። አንተ ያመሸህ ቀን እኔንም አያስተኛኝም።»

በማግስቱ ሰይድ ለሃሪ ሥጋ፣ ለውሻው ደህና አጥንት አመጣ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም።

ቀበሌ እንዳይቆጥረኝ እስከ ሱዳን በእግሬ ሄጄ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ውሻ ቆጠረኝ... ደግነቱ ይሄኛው የጎደለውን የሚፈልገው እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ነው።