የጎባዋ ድኩላና የአክስቴ ጎመን

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ፣ አንድ ጥቅል የአጥር ሽቦ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ነው። ጎባ የሚኖሩት አክስቴ ወይዘሮ አስካለ የጓሯቸውን ጎመን እየሸጡ ነው የሚተዳደሩት። አንዲት ድኩላ በየንጋቱ እየመጣች ጎመኑን ልትጨርስባቸው እንደሆነ በስልክ ሲነግሩኝ አልተዋጠልኝም። ድኩላ ከተማ ውስጥ ምን ትሠራለች? እኔ የማውቀው የከተማ አውሬ ጅብ ነው፤ እሱንም በድምፁ ብቻ።

ሻሸመኔ ላይ ምሳ በላን። ከአዳባ በኋላ የገብስ ማሳ ግራና ቀኝ ተዘረጋ፤ ብርዱም በመስኮቱ ክፍተት ይገባ ጀመር። ዲንሾ ላይ ከርከሮዎች ከአስፋልቱ ዳር ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ። እኔ ስልኬን ይዤ ስንጠራራ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎም አላያቸው። ሮቤ ላይ በባጃጁና በጋሪው ግርግር መሐል ሽቦዬን አውርጄ በሚኒባስ ጎባ ገባሁ።

ጎባ፣ ንጋት

አክስቴ ሊቀሰቅሱኝ ሲመጡ ዱላ ይዘዋል። ከጓሮው ጫፍ፣ በወንዙ በኩል፣ ቡናማ ገላዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት እንስት ድኩላ ቆማ ጎመን ታኝካለች። ከጀርባዋ የጎረቤት ቆርቆሮና የዲሽ ሰሃን ይታያል። እንዲህ ያለ ውበት በሰው ጓሮ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አክስቴ ስድባቸውን ለቀቁባት። ሌባ አሏት፤ ትናንት የት እንዳረፈደች ጠየቋት፤ እግርሽን ምን ነካሽ ብለው ተቆጧት። ዱላው ግን ከመሬት አልተነሣም። ድኩላዋ የምትበላውን በልታ ቀስ ብላ ሄደች።

ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ ከድር «አካም ቡልተኒ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እያሉ ገቡና ሽቦውን አብረን መወጠር ያዝን። አክስቴ ዞር ሲሉ ጠብቀው ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዋላሂ፣ አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህች ድኩላ ጋር ሳትጨቃጨቅ ቁርስ አትበላም።»

የያዝኩትን ሽቦ ለቀቅ አደረግኩ። ግን ጎመኑም እንጀራቸው ነው፤ አጥሩን ጨረስነው።

በማግስቱ አክስቴ እንደ ልማዳቸው ማልደው ወጡ። ድኩላዋ መጣች፤ ሽቦውን አሸተተች፤ ዳር ዳሩን ሄዳ ወደ ወንዙ ተመለሰች። አክስቴ የሚሰድቡት አጥተው ዱላቸውን አስቀመጡ። ጎመንዎ ተረፈ ስላቸው «ተረፈ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ቁርሱን አልነኩትም።

አዲስ አበባ

የመልሱ መንገድ ረዘመብኝ። ሽቦ ይዤ ሄጄ የአክስቴን ብቸኝነት አጥብቄ አጥሬ የተመለስኩ መሰለኝ፤ አዘንኩ። ከተማ የገባ አውሬ ሁሉ መንገድ የጠፋው ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚያነጋግረው ሰው ያገኘም አለ።

ሳምንት ቆይቼ ደወልኩና ጎመኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ነው። ብቻ ጓሮው ስለጠበበኝ ጥቂት ችግኝ ከሽቦው ውጭ ተከልኩ።»

ጓሮውን ያጠርኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ባዶ ነው።

«ውጭ ያለውን ድኩላዋ አትበላብዎትም?» አልኳቸው።

«ትሞክርና ታየኛለች» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አለ። «ጠዋት ጠዋት ዱላዬን ይዤ እዚያው ነኝ።»