ቶሎ የሚመልሱ እናት

«ሃያት በጣም አሟታል፤ ቶሎ መጥተው ይውሰዷት።»

ዛሬ ጠዋት ለአንዲት ተማሪዬ እናት በስልክ የላክሁት መልእክት ነው። ወዲያው ያቺ የተለመደች ምልክት መጣችልኝ፣ 🙏። እየመጡ ነው ብዬ ተረጋጋሁ።

እዚህ ልደታ፣ የእኛ ትምህርት ቤት ከወላጅ ጋር የሚገናኘው አሁን በዚህ ብቻ ነው። ደብተር ላይ ማስታወሻ መጻፍ ቀርቷል። ሰልጥነናል።

ሃያት አራተኛ ክፍል ናት። ዴስኩ ላይ ተኝታ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። የእናቷ ሱቅ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ በእግርም ሩቅ አይደለም። እስከ ምሳ ሰዓት ግን አልመጡም። ደግሜ ጻፍኩ። ደግመው 🙏 ላኩ።

ምን ዓይነት እናት ናቸው አልኩ በሆዴ። ተናድጄ ደወልኩ።

«ውይ ቲቸር፣ እኔ እኮ ማንበብ አልችልም። ማታ ማታ ሃያት ናት የምታነብልኝ። ከትምህርት ቤት መልእክት ሲመጣ ይቺን ንኪ ብላ አሳይታኛለች።»

ሱቃቸውን ለጎረቤት ጥለው እየሮጡ መጡ። ልጃቸውን አቅፈው ትንሽ ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ለእሷው ሰጧት። ምን ተብሎ እንደተጻፈላቸው ማወቅ ፈልገው ነው።

ሃያት ዓይኗን በግድ ገልጣ አነበበችላቸው።

«ሃያት በጣም አሟታል፤ ቶሎ መጥተው ይውሰዷት።»

ወደ ክሊኒክ ከሄዱ በኋላ የክፍሌን ወላጆች ግሩፕ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ከላይ እስከ ታች 🙏 ብቻ ነው። ስንቱ አንብቦ እንደላከው አላውቅም።

እናንተ ጋስ እንዴት ነው? መምህራን፣ በተለይ ቶሎ ስለሚመልሱላችሁ ወላጆች ንገሩኝ።