የሆላንድ ወደብ በጓንግ ዳር

ይህ ለመጻፍ የሚበቃ ወግ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዛሬ መምህራችን የሆላንድን ወደብ የሚያሳይ የቆየ የውሃ ቀለም ሥዕል ሲያሳዩን ግን የጓንግ ወንዝ ደራሽ ውሃ አፈር አፈር የሚል ሽታ መጣብኝ።

ጣሊያንን ሸሽተን ወደ ሱዳን ስንሄድ ጓንግ ሞልቶ ጠበቀን። አባቴ የተነፋ ስልቻ ደረቴ ላይ አሰሩልኝ። እኔ ግን አለቀስሁ፤ አልገባም አልሁ። አብረውን የሚሸሹት ነጋዴ ሐጂ ኢድሪስ ከሱቃቸው ነቅለው ያመጡትን፣ ዛሬ ካየነው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሥዕል ዘረጉልኝ።

«አየሽ ልጄ፣ እነዚህ መርከቦች በሸራ ነፋስ ይዘው ባሕር ያቋርጣሉ።»

አባቴ ሳቁ። «እኛ ነፋሱን በፍየል ቆዳ አስረነዋል! የማን ይበልጣል?»

«የእኛ!» ብዬ ገባሁ።

ሐጂም በስልቻቸው ላይ እየተንሳፈፉ «መርከቡስ አለ፤ ወደቡ የት ነው?» ይሉ ነበር።

ሁላችንም በደህና ተሻገርን። ወደ ቀያችን የተመለስነው ጣሊያን መተማን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ነው።