ለላብራቶሪ ብቻ

ዮአዳን ጆሃንስበርግ ውስጥ ለዶክትሬቷ የምታጠናው አባቷን የገደለውን በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ነበር። እሷ በምርመራ ነፃ ወጥታለች። ታላቅ ወንድሟን በላይነህን ግን ይዞታል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቮስሎሩስ ሰፈር ባለው ሱቁ የሚሠራው ከዘራ ተደግፎ ነው። ከቆዳው በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ እሷ መድኃኒት ትሞክር ነበር።

ኮሮና ገብቶ እንቅስቃሴ ሲታገድ፣ ሕዋሳቱ እንዳይሞቱ ላብራቶሪ እንድትገባ ፈቃድ ተሰጣት።

«ዮዲዬ፣ እግሬ እምቢ ብሎኛል። ብቅ ብትዪ ምናለ?» አላት በላይነህ በስልክ።

«ጋሽዬ፣ ፈቃዴ ለላብራቶሪ ብቻ ነው፤ ፖሊስ ይመልሰኛል።»

ታማሚ ለሚያስታምም ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ ለመጠየቅ ግን አልሞከረችም። ሙከራው የተሳካ ስለመሰላት አንድ ቀን እንኳ መቅረት አልፈለገችም።

በሳምንቱ በላይነህ ሱቁ ውስጥ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ሴት እስክታገኘው ግማሽ ቀን ወለሉ ላይ ተኝቶ ቆየ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ዮአዳን በር ላይ ጠበቀችው።

«መምጣት እችል ነበር» አለችው እያለቀሰች።

«አውቃለሁ» አላት። «ስትዋሺ ድምፅሽ ያሳብቅብሻል።»

አልተቆጣትም፤ እሷን የከበዳት ይኸው ነው። ጥናቷን ለአንድ ዓመት አቋርጣ አብራው ኖረች፣ ሱቁንም ሠራችለት። በላይነህ ግን ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም።