ያልሰማሁት የቅጠል ስም

ባለፈው ማክሰኞ ደብረ ብርሃን፣ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ተማሪዬ እርጥብ ቅጠል ስትወቅጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መረር ያለ፣ ከኋላው ደግሞ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ነው። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና አሸተትኩት። ቅርብ ነበር፣ ግን በልጅነቴ የማውቀው ሽታ አይደለም። ለካንሰር የኬሞ ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፍ ውስጥ ለሚወጣው ቁስል የሚሆን ነገር ከዕፅዋት እንፈልጋለን፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ሽታው ግን ሥራዬን አስረስቶ ወዳደግሁባት መንደር ወደ ጎረቤላ፣ እትዬ አስካለ ደጅ ወሰደኝ።

እትዬ አስካለ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በልጅነታችን አፉ የቆሰለ ልጅ ሁሉ የሚወሰደው ወደ እሳቸው ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውን በትንሿ ሙቀጫ ይወቅጡና ጭማቂውን በቆርቆሮ ኩባያ ያቀርቡልናል። «ያዢው፣ እንዳትውጪው! ጥላው ደጃፉ ጋ እስኪደርስ ትንፍሽ እንዳትይ!» ይሉኛል። እኔ ወሬኛዋ እንዴት ብዬ ዝም ልበል! ጉንጬን ነፍቼ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር እሳቸው ሆን ብለው ያስቁኛል።

የቅጠሉን ስም ማንም አያውቅም። በእኛ ዘንድ መድኃኒት ዐዋቂ ስሙን የሚናገረው ሊሞት ሲል ነው፤ ያውም ለመረጠው አንድ ሰው ብቻ። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እትዬ አስካለ ጡታቸውን ታመሙ። አዲስ አበባ እየተመላለሱ እኛ «ትልቁ መርፌ» የምንለውን ኬሞ መውሰድ ጀመሩ። ሲመለሱ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አስረው፣ በሰው ተደግፈው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። አፋቸው ቆሰለ። የመንደሩን ልጅ ሁሉ አፍ ያዳኑት ሴት አጥሚት እንኳ መዋጥ አቃታቸው! መጀመሪያ ላይ ቅጠላቸውን ራሳቸው ወቅጠው ሲጉመጠመጡ ቀለል ይላቸውና ትንሽ ይቀምሱ ነበር። በኋላ ግን እሱንም ተዉት። ሐኪሙ «በልተው አቅም ካላገኙ ቀጣዩን መርፌ አልሰጥም» እንዳላቸው እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ሲወጣ አስጠሩኝ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፈገግ ሊሉ ሲሞክሩ የተሰነጣጠቀው ከንፈራቸው ደማ።

«ነይ አንቺ ለፍላፊ፣ ቅረቢኝ። የቅጠሉን ስም ልነግርሽ ነው።»

ክው አልኩ። ሊሞቱ ነው ማለት ነው!

«እትዬ፣ በማርያም አይንገሩኝ! አልሰማም!»

«ኧረ ስሚኝ ልጄ፣ እኔ እኮ…»

ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ መጮህ ጀመርኩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሳይ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብዬ ቤታችን ገባሁ። ከሞት ያዳንኳቸው መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ እራቴን በላሁ።

የመረጡት እኔን ነበርና ሌላ ሰው አልጠሩም። ሳይበሉ ሰነበቱ። የመርፌው ቀን አለፈ። ወሩ ሳይወጣ አረፉ።

ለቅሶው ላይ እህታቸው ጎናቸው አስቀመጡኝ። «ምነው ልጄ፣ እምቢ አልሻት?» አሉኝ ቀስ ብለው። «መርፌው ጣቷን አደንዝዞት መልቀምም መውቀጥም አልሆንላት አለ። አንቺ እንድትወቅጪላት ነበር እኮ። ‹አፌ ቢሻለኝ በልቼ ለመርፌዬ እደርሳለሁ› ትል ነበር።»

ሊሰናበቱኝ መስሎኝ! እሳቸው ለካ መኖር ፈልገው ነው የጠሩኝ።

ቅጠሉ ካንሰር ያድን ነበር አልልም፤ ይህን ለማወቅ ያህል ተምሬያለሁ። ግን አንድ ኩባያ አጥሚት ያስውጣቸው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ቅጠል ፍለጋ ከአንኮበር እስከ መዘዞ ስዞር መድኃኒት ዐዋቂ አዛውንቶች ዘንድ እገባለሁ። ብዙዎቹ ስሙን ለመናገር ይፈራሉ። እኔም ከፊታቸው ቁጭ ብዬ «ይንገሩኝ፣ አይሞቱም» እላቸዋለሁ።