የእትዬ ጥሩወርቅ የተቸነከሩ መስኮቶች

ባለፈው ሳምንት ልጄን ላስመዘግብ ዳንግላ ካለ መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ፣ ገና በወጉ ሰላም ሳልል መስኮቱን ከፈትኩት። መምህሯ ግራ ተጋብታ ስታየኝ ሳቄ መጣ። ከየት ጀምሬ ላስረዳት?

ነገሩ የዛሬ አሥር ዓመት ነው። ተመራቂ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በመዋዕለ ሕፃናት አየር ውስጥ ስላሉ ባክቴሪያዎች ነበር። በጥቅምት፣ ጆሮ በሚቆርጥ ብርድ፣ እንጅባራ ከሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ደረስኩ። ርዕሰ መምህርቷ እትዬ ጥሩወርቅ አየሩ ሊመረመር መሆኑን ሰምተው፣ ክፍሉን በደረቅ መጥረጊያ አስጠርገው ጠበቁኝ። አቧራው ገና አልሰከነም። መስኮቶቹ ደግሞ ብርድ እንዳያስገቡ በሚስማር ተቸንክረዋል። የተቀቀለ ድንችና የእርጥብ ሹራብ ሽታ ታፍኖበታል።

ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ የያዙ ትናንሽ ሳህኖቼን ከፍቼ ስደረድር ልጆቹ ከበቡኝ።

«ማርማላታ ነው?» አለች አንዷ።

«አይደለም! እንዳትነኩት!»

አልነኩትም። አንዱ ግን ሊያሸተው ጎንበስ ብሎ አስነጠሰበት። ያንን ሳህን ጣልኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ የቀሩት ሳህኖች ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ወረራቸው። ክዳናቸውን አሽጌ ለእትዬ አሳየኋቸው።

«ይሄ ከእኔ ክፍል? ከመጣሽበት ሚኒባስ ይዘሽው መጥተሽ ነው!»

«እትዬ፣ ባክቴሪያማ የትም አለ። እዚህ የበዛው አየሩ መውጫ አጥቶ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ እንደገና ልሞክር?»

«በዚህ ብርድ? ወላጆች ይገድሉኛል!»

በቃ፣ ሊያባርሩኝ ነው፣ ምረቃዬም ገደል ገባ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳህኑን ሲያገላብጡ ቆዩና «አንዱን ተይልኝ፤ ቅዳሜም ነይ» አሉኝ።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እትዬ ሳህኑን ከፍ አድርገው ቆሙ።

«ልጆቻችሁ የሚተነፍሱት ይሄን ነው። አቧራውን ያስነሳሁት፣ መስኮቱን ያስቸነከርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ አንድ አናጢ አባት ተነሳ። «የቸነከርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እነቅለዋለሁ» ብሎ መዶሻ አስመጣ። ሚስማሮቹ እየጮሁ ወጡ። የመጨረሻው ግን እንቢ ቢለው በኃይል ሲስበው፣ መስኮቱ ከነፍሬሙ ተገንድሶ እቅፉ ውስጥ ገባ።

ብርዱ ክፍሉን ሞላው። እትዬ ነጠላቸውን እየተከናነቡ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንስ አየር አነሰን ትያለሽ?»

በሁለተኛው ምርመራ ነጠብጣቦቹ ቀነሱ፤ እኔም ተመረቅኩ። ያኔ በሳህኖቼ በጣም ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው የእኔ ሥራ ቀላል ነበር፤ የሌላ ሰው ጥፋት ማሳየት። ከወለድኩ ወዲህ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትለዋን ቃል ለገዛ ልጄ እንኳ ለማለት ስንት ጊዜ ተናንቃኛለች። እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት እንዲያ ቀለለቻቸው?