የይታገሱ ድርሻ

ገለቴ ቴምር ስትመርጥ ያየ ሰው፣ ልጅ የምትድር እንጂ ስጦታ የምትገዛ አትመስለውም። አንዷን ፍሬ ታነሳለች፣ በጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ ትመልሳለች፤ ደግሞ ሌላ ታነሳለች። ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በደማስቆ በር ገብቶ ቁልቁል ሲወረድ ባለች ጠባብ ሱቅ ደጅ ቆመን እግሬ ሊቆረጥ ደርሷል። ባለሱቁ ሸበቶ ዐረብ ነው። እሱ በዐረብኛ፣ እሷ በላስታ አማርኛ ይከራከራሉ። ከእኔ በቀር የተቸገረ አልነበረም።

«እስቲ አንተው ቅመሰው! ጥሩ ከሆነ ምነው አፍህ ፈራው?» ትለዋለች።

ሰውዬው ወደ ሰማይ ያመለክታል። ረመዳን ነው፤ ጾመኛ ነው። ነገሩ የገባኝ እኔ ነኝ፤ ወሎ ውስጥ አድጎ የጎረቤቱን ጾም የማያውቅ ማን አለ? ስነግራት አፈረችና ክርክሯን ተወች። እኛ ትናንት ፋሲካን ፈስከን፣ ዛሬ ጾመኛ እናስጨንቃለን።

እኔ ማሚቱ እባላለሁ። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ እህል ሻጭ ነኝ። ገለቴን የማውቃት ከማርያም ጽዋ ማኅበር ነው። ባሏ ቄስ አረጋ ካረፉ ወዲህ በሶና ቆሎ እያዘጋጀች ለመንገደኛ በመሸጥ ነው ልጆቿን ያሳደገች። ለጉዞው ስታጠራቅም ሰው ቀልዶባታል፤ «ጎልጎታም ዮርዳኖስም ደጅሽ ላይ እያሉ ምን ልታዪ ትሄጃለሽ?» ይሏት ነበር። «የኛው ምሳሌው ነው፤ ዋናውን ሳላይ አልሞትም» ትላለች። በ2015 ዓ.ም. ይኸው ተሳክቶላት አብረን ሄድን፤ አንድ ክፍልም ደረሰን።

ከኢየሩሳሌም የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። ሻማውና መቁጠሪያው ጥሩ ነው፤ ለጎረቤት ግን የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል። እኛ አገር በረከት በጉሮሮ ካልወረደ የተቀበልነው አይመስለንም። ስለዚህ ገለቴ ቴምሩን በየከረጢቱ እያስቋጠረች የጎረቤቶቿን ስም ትጠራ ጀመር። «ይች የሰውነት። ይች የፀደይ። ይች የውዱ፤ ጥርስ የላቸውም፣ ለስላሳውን አድርግበት።» ባለሱቁ ውዱን ከየት ያውቃቸዋል! እሷ ግን እንደ አገሯ ሰው ነበር የምታዋራው።

«ይች የሰርካለም» አለችና እጇን ከቴምሩ ላይ አነሳች። ሰውዬው ሌላ ከረጢት ከፍቶ ይጠብቃል።

«የይታገሱስ?» አልኳት።

ሰርካለም የገለቴ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። ይታገሱ አንድያ ልጇ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ኩልመስክ ታየ ያለ አለ፣ ሱዳን ገባ ያለም አለ። ሰርካለም «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። ስንነሳ ልትሸኘን መጥታ፣ እኔ ፊት ነው ገለቴን አደራ ያለቻት፤ «እንደ ጎረቤት ልጆቹ ሁሉ የይታገሱንም ድርሻ እንዳትረሽ። ሲመጣ ‹ለኔስ?› ማለቱ አይቀርም» ብላ።

«ለእሱ አልገዛም» አለች ገለቴ።

«ለእፍኝ ቴምር ነው ዛዲያ?»

ከሱቁ ጎን ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሰው እየተጋፋ ያልፋል፤ እሷ መሬት መሬቱን እያየች የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ።

ጦርነቱ ጋብ እንዳለ ገብስ ልትገዛ ፍላቂት ወርዳ ነበር። እዚያ መሐመድ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር «የላሊበላ ሰው ነሽ?» ብሎ ያዛት። አንድ ልጅ ቆስሎ ከመንገድ ዳር እንዳገኘ፣ ሲያነሳው «ይታገሱ፣ የሰርካለም ልጅ፣ ከላሊበላ» ብቻ ብሎ እጁ ላይ እንዳለፈ ነገራት። ሌላ ሰው ጠርቶ፣ በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ፣ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር እንደቀበረውም ነገራት። «አማና ነው፣ አደራ ነው እህቴ። ለናቱ ንገሪልኝና ከላዬ ይውረድ» አላት።

ልትነግራት ቆርጣ ነበር የተመለሰች። ደግሞም መርዶ ጊዜ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ አፍ ሳይሟሽ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ሙቱን ሳያለቅስ እህል የቀመሰ ሰው እርሙን በላ ይባላልና። ስትደርስ ግን ሰርካለም ታማ ተኝታ አገኘቻት። ስትድን ጾም ገባ። ጾሙ ሲወጣ አዝመራ ደረሰ። ነገ፣ ነገ ስትል ዓመት አለፈ።

«ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገራት? ‹ያን ጊዜውኑ አውቀሽ ነው?› ብትለኝስ?» አለችኝ። «ማዕድ አብረን እንቀርባለን። እሷ ትጎርሳለች፣ እኔን ያንቀኛል። እርሟን እየበላች እያየሁ እኮ ነው ማሚቱ! እሱም አይለየኝም። እዚህ ድረስ ተከትሎኛል። የዓርብ ስቅለት ለታ በጎልጎታ ደጅ ጀርባውን አየሁት፤ ያ የግራ ትከሻውን ዘንበል የሚያደርገው አካሄዱ። ሮጥሁ። ዘወር ሲል ዳቦ ሻጭ ነው።»

አስታወስኩ። ያን ቀን ከሰልፉ ወጥታ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ በአናቱ ከተሸከመ ጎረምሳ ኋላ ስትሮጥ አይቻታለሁ። በስቅለት ዳቦ አማራት ብዬ ስስቅባት ነበር የዋልኩት።

አዘንኩላት ብል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «አንች ሴት፣ የጌታን መቃብር ሳምሽ፤ ይኸን ይዘሽ ልትመለሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ለእሱ ከገዛሁ፣ አለ ብዬ በእጄ መሰከርሁላት። ካልገዛሁ፣ በባዶ እጄ አረዳኋት። የቱን ላድርግ?»

ተነሳች፣ ላስቋጠረችው ብቻ ከፈለች፣ መንገድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን «ያ ኡሚ! ያ ኡሚ!» የሚል ድምፅ ሰማን፤ በዐረብኛ «እናቴ» ማለቱ ነው። ባለሱቁ ነው፤ እያለከለከ ደርሶ አንድ ከረጢት ቴምር እጇ ላይ አስቀመጠ። ከሌሎቹ እኩል የተቋጠረ፣ ያ ከፍቶ ይጠብቅበት የነበረው ይሆናል። ልትመልስለት ብትል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

«ምርቃት ነው» አልኳት። «እኔም ለደንበኛዬ እመርቃለሁ። የጾም ሰው ነው፣ መመጽወቱ ነው።»

«አልገዛሁለትም። ራሱ መጣ» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ሆኖም እርምጃዬን አፋጠንኩ። ማደሪያችን እስክንደርስ ሁለታችንም ወደ ኋላ አልዞርንም።

ላሊበላ በገባን ዕለት የገለቴ ቤት በሰው ተሞላ። «ጎልጎታ የተሳለመ እጅ» እያሉ ይስሟታል፤ እሷም ታድላለች። እኔን «አትለይኝ፤ ነገ ሽማግሌ ይዤ በጎህ እሄድላታለሁ፣ ዛሬን ብቻ እንደምንም ልለፈው» ብላኝ ስለነበር አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ሰርካለም አመሻሽ ላይ፣ ሰዉ ወጣ ወጣ ሲል መጣች። የራሷን ተቀብላ ስማ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና፣ «የልጄስ?» አለች።

ገለቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ እጇን ወደ ሻንጣው ሰዳ ያችኑ ከረጢት አወጣች።

ሰርካለም እልል አለች። ቀስ ብላ፣ ለራሷ ብቻ። «እኔኮ ትረሳዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ እታለም» እያለች ከረጢቱን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታች። «ይች እንኳ እስኪመጣ አትቆይም። በስሙ አንድ ፍሬ ልቅመስለት፤ መንገዱን ታቃናለት ይሆናል» አለችና አንዷን አንስታ ወደ አፏ ወሰደች።

የገለቴ እጅ ተወርውሮ ክንዷን ያዛት።

«አትቅመሽው!»

ሰርካለም ክንዷን የያዛትን እጅ አየች፤ ቀጥላ የገለቴን ፊት አየች፤ እኔንም አየችኝ። ሰርካለም ቴምሯን ወደ ከረጢቱ መለሰቻት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ገለቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እርሜን ስበላ የኖርሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»